ካርታው ሲመጣ ሻጩ አልነበረም፦ የአንድ ሰነድ አልባ ቤት ጉዳይ

ሰነድ አልባ፣ ማለትም ካርታ የሌለው ቤት መግዛት ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚፈራው ዶዘር ነው። ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም? ደላላውም፣ ገዢውም፣ ጎረቤቱም የሚከራከረው በዚህ ላይ ነው። እኔ የምጽፈው ግን ስላልፈረሰ ቤት ነው። አልፈረሰም ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ የሚሆንበት ቀን ደረሰለት። ጭንቁ የመጣው ያኔ ነው።

ገዢዎቹ የአክስቴ ልጅና ባለቤቱ ናቸው። ስም አልጠራም፣ የሁለት ቤተሰብ ገመና ስላለበት። እኔ ጉዳዩን የማውቀው ወረቀት በመጣ ቁጥር አንባቢው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ቤቱ ያለው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጠርዝ፣ ከሃና ማርያም ወዲያ። ሻጩ ቦታውን በ1994 ዓ.ም. ከአንድ አርሶ አደር ገዝቶ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ሠራበት፣ ልጆቹንም እዚያው አሳደገ። ካርታ የለውም። የነበረው የመብራት ቆጣሪ፣ ጥቂት የግብር ደረሰኞች፣ እና ከአርሶ አደሩ ጋር የተፈራረመው በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅና ሚስቱ በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ነበር። ዕጣ ሲጠብቁ፣ ኪራይ ሲጨምር፣ ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ፣ 2007 ደረሰ። ደላላው ያን ቤት ሲያሳያቸው ዋጋው 420 ሺህ ብር ነበር። ካርታ ያለው ቤት በዚያ ገንዘብ አይታሰብም። «ቦታው ይዞታነቱ የቆየ ነው፣ ካርታው ዛሬ ነገ ይወጣል» አላቸው ደላላው። የሚገርመው፣ ውሸታም አልነበረም። ዛሬ ነገ ያለው ነገር ብዙ ዓመት ፈጀ እንጂ ወጣ።

ውሉ የተፈረመው ሻጩ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ሥር ነው። የሻጩ ሚስት ቡና አፈላች። የሰፈሩ የእድር ዳኛና ሁለት ጎረቤቶች እማኝ ሆኑ። ያን ውል ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ቤቴን ወድጄና ፈቅጄ ሸጫለሁ» ይላል። ውል አፍራሽ ለውል አክባሪ 50 ሺህ ብር ይከፍላል ይላል። ካርታ ሲወጣ ሻጭ ቀርቦ ስም ያዛውራል ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያቺ የምናውቃት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው።

የመንደር ውል ሁሉ 1731ን ይጠቅሳል፣ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው የሚለውን። 1723ን የሚጠቅስ ግን አይቼ አላውቅም። 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚደረግ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት መመዝገብ አለበት የሚለው ነው። ይሄን ካርታ ለሌለው ቤት ማድረግ አይቻልም፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ብትሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርታውን አምጣ» ነው። ስለዚህ ሰው የሚችለውን ያደርጋል። በማግስቱ ሻጩ ለአክስቴ ልጅ ውክልና ሰጠው፣ የቤቱን ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲከታተል። ሁሉም ሰው ውክልናውን እንደ ካርታ አጣጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ይመጣሉ። አንደኛ፣ ከ420 ሺው 300 ሺው በባንክ ነው የገባው፤ ባንክ ቤት ምክንያት ሙሉ ሲሏት የአክስቴ ልጅ ሚስት «የቤት ግዢ» ብላ ጻፈች። ቀሪው 120 ሺህ በጥሬው፣ ግቢው ውስጥ፣ ሲኒዎቹን ገፋ አድርገው ተቆጠረ። ሁለተኛ፣ ከሻጭ ወገን የፈረመው ባልየው ብቻ ነው። ሚስቱ እዚያው ነበረች፣ ቡና ስትቀዳ፤ ፈርሚ ያላት ግን የለም።

ከዚያ ኑሮ ቀጠለ። በሰኔ 2008 እነሱ ካሉበት ብዙ በማይርቀው ቀርሳ ኮንቶማ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የወረዳ አመራርና ፖሊስም ሲገደሉ፣ እነሱ ዕቃ በፌስታል አስረው ልጆቹን የአክስቴ ልጅ ሚስት እናት ቤት አሳደሩ። ፈረሳው የነሱን ሰፈር አልነካም። ምክንያቱ የኋላ ኋላ ነው የገባን፤ የነሱ ቤት የቆየ ነው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ለቀቃቸውና ኮርኒስ አስገቡ፣ ከኋላ ሰርቪስ ክፍል ጨመሩ፣ አጥሩን በብሎኬት ለወጡት።

ሻጩ በ2012 አረፈ። ለቅሶ ደረሱ፣ ሠልስት ዋሉ። ለቅሶ ቤት ስለ ወረቀት አይወራም። ግን በሕጉ በዚያ ቀን አንድ ነገር አበቃለት። ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ማኅተሙ ሳይደበዝዝ ዋጋ አጣ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ነው በሰፈሩ የሰነድ አልባ መስተንግዶ ተጀመረ የተባለው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ሰነድ አልባ ይዞታ ሕጋዊ ሲደረግ የሚታየው ቤቱ መቼ እንደተሠራ ነው፤ ዋናዎቹ መቁረጫ ዓመታት 1988 እና 1997 ናቸው። ማረጋገጫው በሰው ምስክር ሳይሆን በአየር ፎቶ ነው። በ1997ቱ ፎቶ ላይ ካለህ ተስፋ አለህ፣ ከሌለህ ከሕገ ወጥ ግንባታ ትደመራለህ።

የአክስቴ ልጅ ባለሙያው ኮምፒውተሩን ወደሱ አዙሮ ሲያሳየው አብሬው ነበርኩ። ግራጫ ሜዳ፣ ቀጭን የእግር መንገድ፣ ከዚያ አንዲት የጥፍር ታህል ነጭ አራት ማዕዘን። የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ፀሐይ አንጸባርቆበት። «ይሄ ቤታችሁ ነው፣ ይታያል» አለ ባለሙያው። ከዚያ አዲሱን ልኬት ሲደርብበት ሰርቪስ ክፍሉና የአጥሩ ጥግ ከመስመሩ ውጪ ቀሩ። ማለትም ከያዙት 131 ካሬ ውስጥ 105ቱ ብቻ። እሱ ግን ደስታው ሌላ ነበር፣ ሃያ ስድስቷን ካሬ አልሰማትም። ባለሙያው ፋይሉን ገለጠና ስም አነበበ። የሻጩን ስም።

«ባለ ይዞታው ይቅረቡ።»

«አርፈዋል።»

«እንግዲያው ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ።»

የዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገር ይሄው ነው። ሰነድ አልባ ቤት ስትገዛ ቤቱ ውስጥ ትገባለህ፣ ፋይሉ ውስጥ ግን አትገባም። ፋይሉ በሻጩ ስም ይቆያል። ገንዘብህን ተቀብሎ ከሄደ ሰው ጋር፣ ካርታ እስኪወጣ ድረስ፣ አሥር ዓመትም ይሁን አሥራ አምስት፣ ተሳስረህ ትኖራለህ። እሱ በሕይወት መኖር አለበት፣ ከሚስቱ ጋር መስማማት አለበት፣ ልጆቹ ቃሉን ማክበር አለባቸው፣ የቤት ዋጋ ሰማይ ሲነካም ሐሳቡን መቀየር የለበትም። ርካሹ ዋጋ የተገኘው ይሄን ሁሉ ስለተሸከምክ ነው። ዶዘሩን ሁሉም ያሰላዋል፣ ሻጩን ግን የሚያሰላው የለም።

ወራሾቹ አራት ልጆች ናቸው። ሦስቱ እዚሁ፣ አንዷ ጅዳ። ትልቁ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ያለው አሁንም ትዝ ይለኛል። «ወንድሜ፣ አባታችን ሸጦልህ ከሆነ ወረቀቱን አሳየን።» አሳየው። አንብቦ መለሰለት። «ይሄ እኮ የመንደር ወረቀት ነው። የሰጠኸውን ገንዘብ ውሰድና ቤቱን ልቀቅልን።»

ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም እንዲህ ያለው። ጠበቃ አማክሯል። ጠበቃውም ትክክል ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በ1999 ዓ.ም.፣ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም ብሏል። የሰበር ትርጉም ደግሞ፣ ቀድሞ በአዋጅ 454/1997፣ አሁን በአዋጅ 1234/2013፣ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውል ከፈረሰ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 ይመጣል፤ ተዋዋዮች ወደነበሩበት ይመለሳሉ። «ወደነበሩበት መመለስ» ሲባል ደስ ይላል፤ ሲሰላ ግን 420 ሺህ ብር ነው። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 20 ብር አካባቢ ነበር። እነሱ ድርድር ላይ እያሉ ደግሞ ሐምሌ 2016 መጣና ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ ከ57 ብር ተነስቶ በቀናት ውስጥ ወደ መቶው ጠጋ። በ420 ሺህ የዛሬ ብር አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይገዛል? አጥሩን መልሶ ለመሥራት እንኳ አይበቃም።

«ታዲያ ቤቱን ብንለቅ ካሳ ይሰጠናል» የሚል ካለ እሱም የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በወረቀት የተሸጠው ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። የተከፈለው ግን የመሬት ዋጋ ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

የኛ ጠበቃ ከተከራካሪነቷ ይልቅ አስታራቂነቷ ነው የጠቀመን። ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና የማንን ድርሻ ማን ይዟል ብላ ጀመረች። ቤቱ ሻጩና ሚስቱ በትዳር ያፈሩት ነው። ስለዚህ ግማሹ ቀድሞም የሚስትየው ነው፤ ለልጆቹ በውርስ የሚተርፈው የአባታቸው ግማሽ ነው፣ እሱም ለአራት። እያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ። «ዋናዋ ተደራዳሪ ልጁ አይደለም፣ እናትየው ናቸው» አለች።

እናትየው አለመፈረማቸው በኛ ላይ ሊመጣ ይችል ነበር። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ይላል። ግን አንቀጽ 69 ደግሞ ያልተስማማው ተጋቢ መቃወሚያውን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ግዴታው በተገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት ይላል። ከ2007 ወዲህ ስንት ዓመት አልፏል። በዚያ በኩል የመጣው አደጋ በራሱ ጊዜ አልፎ ነበር።

የባንክ ወረቀቷም እዚህ ሠራች። ልጆቹ ስለ 300 ሺው ምንም ማለት አልቻሉም፤ ቀኑ አለ፣ የአባታቸው ሒሳብ አለ፣ «የቤት ግዢ» የሚል አለ። 120 ሺውን ግን «አላየንም» አሉ። ከእማኞቹ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ከሰፈሩ ለቋል። የእድር ዳኛው አሉ፣ ግን አርጅተዋል፣ «ብር ተቆጥሯል፣ ስንት እንደሆነ ግን እንጃ» አሉ። ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ሐቀኝነታቸው ለኛ አልጠቀመም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እናትየው ቤት ነው የሆነው። ትልቁ ልጅ ስለ ረቂቅ ውል ሲያስረዳ፣ ሦስት ሚሊዮን ብር ካልሆነ አንፈርምም ሲል፣ እናትየው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ፦

«አንተ ልጅ፣ ቡናውን ያፈላሁት እኔ አይደለሁም? ብሩ ሲቆጠር አላየሁም? በምኑ ነው ታዲያ የዩኒቨርሲቲህን የከፈልነው?»

ልጁ አቀርቅሮ ቀረ። የአክስቴ ልጅ ሚስት ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች፤ «ተይ ልጄ» አሏት። «እትዬ፣ እኛም እናንተን ማስቀየም አንፈልግም» አለ የአክስቴ ልጅ። ድርድሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ መልክ ያዘ። እናትየው ምንም አልፈልግም አሉ። ለልጆቹ 550 ሺህ ብር፣ የወራሽነቱና የስም ዝውውሩ ወጪ በሙሉ በገዢ። ሁለተኛ ጊዜ እንደ መግዛት ነው፣ አዎ። የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። እኔ ግን ርካሽ ነው የምለው። እናትየው ብሩን አላየሁም ቢሉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ከስምምነቱ በኋላ ያለው መንገድ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት። ቅደም ተከተሉን አስቡት። ወራሾች ማስረጃ ያወጣሉ፤ ካርታው በነሱ ስም ይወጣል፤ ከዚያ ነው ለገዢ የሚሸጡት። ማለትም ለሆኑ ሳምንታት ወይም ወራት ንጹሕ ካርታ፣ በንጹሕ ስም፣ በወራሾች እጅ ይሆናል። በዚያ መሐል ለሌላ ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ በወጉ ቢሸጡት፣ ያ ሰውዬ የተመዘገበ ገዢ ነው፣ አንተ የመንደር ወረቀት ያለህ ነዋሪ ነህ።

ጠበቃዋ ያደረገችው ነገር ብልህነት ነበር። ክስ መሠረተች። ለመጣላት አይደለም፣ ለመታረቅ። ወራሾቹ ቀረቡ፣ ሽያጩን አመኑ፣ ዕርቁ በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ መሠረት መዝገብ ላይ ሰፈረ። ካርታው እንደወጣ ስም ያዛውራሉ፣ እስከዚያ ለማንም አያስተላልፉም። ከዚያ ወዲያ በእጃችን ያለው የመንደር ወረቀት መሆኑ ቀረ፤ ሊፈጸም የሚችል የፍርድ ቤት መዝገብ ሆነ። ገንዘቡም በሁለት ተከፈለ። ግማሹ ዕርቁ ሲጸድቅ፣ ግማሹ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊርማ ሲያርፍ። ሁሉም በባንክ። በዚህ ጊዜ በጥሬው እንስጥ ያለ የለም።

ጅዳ ያለችው ልጅ ብቻ አዘገየችን። በክፋት አይደለም፣ አሠሪዎቿ አይለቋትም ነበር። ውክልናውን እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ አስፈርማ፣ ወረቀቱ በሰው እጅ መጥቶ፣ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ፣ እንዲህ ሲባል ሌላ አንድ ክረምት አለፈ። በየሳምንቱ በድምፅ መልእክት «ይቅርታ፣ የዚህ ጁምዓ እሄዳለሁ» ትላለች። የአክስቴን ልጅ ሚስት ስታናድዳትም ሆዷን ስትበላትም አያለሁ።

ካርታው ወጣ። የሊዝ አዋጅ 721/2004 ያለ ፈቃድ የተያዘ ቦታ ሕጋዊ ሲደረግ በሊዝ ይያዛል ስለሚል፣ የሊዝ ውል ተፈረመ፣ ቅድመ ክፍያ ተከፈለ፣ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል። ይሄን ደላላው በ2007 አላነሳውም፤ ማንም አያነሳውም። ሰው ካርታ ወጣ ሲባል ዕዳ አለቀ ይመስለዋል። ከዚያ ሽያጩ፣ ከዚያ ስም ዝውውሩ። አሁን ካርታው ላይ የባልና ሚስቱ ስም አለ፣ 105 ካሬ። ሰርቪስ ክፍሏን ራሳቸው አፈረሷት፤ ብሎኬቱን ለአዲሱ አጥር ተጠቀሙበት።

ይሄን ታሪክ ሰምተው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፣ «እንግዛ ወይስ ይቅር?» እያሉ። እኔ ከአሥሩ ዘጠኝ ጊዜ ተዉት እላለሁ፣ በተለይ ከ1997 በኋላ የተሠራ ከሆነ፣ በተለይ ሻጩ ራሱ ሦስተኛ ገዢ ከሆነና ፋይሉ የማን እንደሆነ የማያውቅ ከሆነ። የግድ ነው ካላችሁ ግን የአየር ፎቶውን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። ሚስትም ባልም ይፈርሙ። ዐሥራ ስምንት የሞላቸው ልጆች ካሉ እማኝ ሆነው ይፈርሙ፤ አያስገድድም፣ ግን ነገ «አላየንም» ማለት ይከብዳቸዋል። ጥሬ ብር አትስጡ። ደግሞም ከሻጩ ጋር ዝምድናችሁን አታቋርጡ። በዓል ሲመጣ ደውሉ። ታሟል ሲባል ሂዱ፣ ሲድን ደግሞ እባክህ አዲስ ወረቀት እንፈራረም በሉት። ነውር ነው የሚል ካለ፣ እኛ ያየነውን ሦስት ዓመት ይቁጠርልኝ።

ከአክስቴ ልጅ ቤት ሁለት አጥር ወዲያ ያለው ጎረቤት ከዚያው አርሶ አደር በተሸነሸነ ቦታ ላይ ነው ያለው። የሱም ጣሪያ በፎቶው ላይ ይታያል። ሻጩ ግን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል፤ ሞተ የሚል ስለሌለ ወራሽ አይጠራም፣ አለ የሚልም ስለሌለ ውክልና አይመጣም። ግብሩን በሻጩ ስም ይከፍላል። ባለፈው ሳምንት ከሰውዬው ጋር ጆሃንስበርግ አብሮት የነበረ ሰው ስልክ ተገኝቷል ብሎ ነግሮኝ ነበር፣ ገና አልተነሳለትም።